አልገጥም ያለው ወረቀት

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ አፌ ይቀድመኝና መጨረሻውን እዘረግፈዋለሁ። ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት አንድ ሙሉ ቀን በእጅ አምባር ግድግዳ ላይ ታስሬ ነው የዋልኩት። እማዬ ትሙት! ግድግዳው መዳብ ነው። ጣሪያውም መዳብ፣ በሩም መዳብ። መስኮት የለም። ሽንት ቤት የለም። ይሄን የሽንት ቤቱን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ያሰረችኝ ደግሞ የገዛ አክስቴ ናት። የእማዬ ታናሽ እህት፤ እኛ ቤት ነው የምትኖረው፣ ከኔ ጋር አንድ ክፍል እንተኛለን፣ እታለም ነው የምላት። ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ናት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት በዓይን የማትታይ ነገር ስትለካ ነው የኖረችው። ነገርዬዋን ሚጢጢ ብላ ነው የምትጠራት። ሚጢጢ ማለት የፀጉርን ውፍረት መቶ ቦታ ብትከፍሉት አንዱን ቁራጭ የምታክል ክፍል ናት። የምሬን ነው፣ ክፍል! ግድግዳ አላት፣ መግቢያ አላት፣ መውጫ አላት፣ ውስጧ የሚመላለሱት ደግሞ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ዙሪያዋን ያለው ነገር ሁሉ ጸጥ እንዲልላት ከማንኛውም በረዶ የባሰ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው የምትቀመጠው።

እና የዚያን ቀን ጠዋት ሁልጊዜ ቁጥር የምትጽፍላት ጓደኛዋ ታመመች። እታለም ጫማዋን እያሰረች "ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ነው፣ ሰው ደግሞ የለኝም" ስትል ሰማኋትና ከአልጋዬ ዘልዬ "እኔ አለሁ!" አልኩ።

"አንቺ ፌንጣ? አሥር ደቂቃ አንድ ቦታ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?"

"እቀመጣለሁ! በናትሽ እታለም!"

"ሰባት ሰዓት ነው የምትቀመጪው።"

"ሰባትም አሥርም!"

ምን አለ ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው። እኔ እኮ ነጭ ጋውን ለብሼ የሚጨስ ብርጭቆ ይዤ ፎቶ ልነሳ ነበር ሐሳቤ።

የመዳቡ ክፍል በር ላይ ጋሽ ቅዝቃዜ ጠበቁን። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ሂሊየም የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "ይቺ ናት ረዳትሽ? ሹራቧ ናይለን ነው፣ አውልቂ" አሉ። ሹራቤን ወሰዱ። ስልኬን ወሰዱ። እርሳሴን ከነላጲሱ ወሰዱና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

"ላጲሴ ደግሞ ምን አደረገ ጋሼ?"

"እዚህ ቤት የተጻፈ አይጠፋም የኔ ልጅ። ከተሳሳትሽ አንድ መስመር ታሰምሪበትና ከጎኑ ምን እንደተሳሳትሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ሌላ ነገር የለም።" ከዚያ ወደ እታለም ዞር ብለው "ዛሬስ? ዛሬም ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው?" አሏት።

"ነው" አለች።

"ያንቺ እንቁላል ሦስት ዓመቱ እኮ ነው፣ እስካሁን እግር አላወጣም።"

"ሰብሬ ከማየው ሳያወጣ ይቅር ጋሼ።"

እሳቸው ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ምክንያቱም ከሚጢጢ በፊት አምስት ሌሎች ነበሩ። አራቱን ብልጭታ ነው የገደላቸው፤ ሹራብ ስታወልቁ ጧ ጧ የምትለው ያቺ ብልጭታ ለሚጢጢ እህቶች መብረቅ ናት። አምስተኛዋን ግን ራሷ እታለም ናት "እስቲ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ልግፋት" ብላ ያቃጠለቻት። ያኔ ቤት መጥታ ለሁለት ቀን ከማንም ጋር አላወራችም። ከዚያ ወዲህ ሚጢጢን እንደ አራስ ልጅ ነው የምትይዛት። ፕሮፌሰሯ ደግሞ "ዛሬ ንጹሕ ውጤት ካላመጣሽ ማቀዝቀዣው ነገ ጠዋት ለሌላ ቡድን ይሰጣል፣ ያንቺንም ወንበር እናስብበታለን" ብሏታል። ሚጢጢ ደግሞ አንዴ ከሞቀች ያቺው ሚጢጢ ሆና አትመለስም። ስለዚህ ያቺ ቀን ካለፈች ሦስቱ ዓመት አብሯት ይሄዳል ማለት ነው።

በሩ ተዘጋ። ድምፁ! እንደ ካዝና ነው። ጆሮዬ ድፍን አለ። እታለም እጄ ላይ አምባሩን አጠለቀችልኝ፣ ከአምባሩ የወጣው ሽቦ ግድግዳው ላይ ተሰካ። "ሰውነትሽ ላይ ያለው ብልጭታ በዚህ ወደ መሬት ይወርዳል። እኔ ካላልኩሽ አታውልቂ። ወደ ሚጢጢ ኤሌክትሪክ የሚያስገቡት የማሽኑ ቁልፎች ክፍት እስከሆኑ ድረስ በሩም አይከፈትም፣ ሰማይ ቢደፋም።"

"ሽንቴ ቢመጣስ?"

"አሁን ነው የምትጠይቂኝ?"

ከውጭ ጋር ያለን መነጋገሪያ ግድግዳውን በመፍቻ ማንኳኳት ብቻ ነው። ጋሽ ቅዝቃዜ በየሰዓቱ መጥተው ያንኳኳሉ፤ የመቱት ብዛት ሂሊየሙ ስንት ሰዓት እንደቀረው ይናገራል። እኛ ከውስጥ ሁለት ከመታን ደህና ነን ማለት ነው። ሦስት ከመታን "አለቀላት፣ ማቀዝቀዣውን ዝጉት" ማለት ነው።

ሥራው ይሄ ነው። እታለም ሚጢጢን በትንሽ ቮልቴጅ ገፋ ታደርጋታለች፣ በሷ ውስጥ ስንት ከረንት እንዳለፈ መለኪያው ላይ አይቼ እጠራለሁ፣ እጽፋለሁ። ከዚያ እሷ ማግኔቱን አንድ እርምጃ ወደ ላይ ከፍ ታደርጋለች፣ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን፣ እንደገና እጠራለሁ። ሠላሳ ጊዜ። ከዚያ ማግኔቱ ተገልብጦ ወደ ታች ሠላሳ ጊዜ። በቃ! ኮምፒውተር እንኳ የለም። "ኮምፒውተር ይጮሃል" አለችኝ። እኔ ምንም ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። "ሚጢጢ ትሰማዋለች" አለች፣ በቁም ነገር።

"አራት ነጥብ አንድ ሁለት" እላለሁ። "አራት ነጥብ ዜሮ ስምንት።" "አራት ነጥብ ሁለት ዜሮ።" ወገቤ ተቆረጠ። አፍንጫዬን በግራ እጄ ልከክ ስል "አትነቃነቂ!" ትለኛለች። ግድግዳው ላይ ያሉትን ብሎኖች ቆጠርኩ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። አየሩ የሳንቲም ሽታ አለው። አንዳንዴ ክፍሉ የሚጠብ ይመስለኛል፣ ዞር ስል ግን ያው ነው፣ ያው ብሎን፣ ያው መዳብ፣ ያው የእታለም ጀርባ።

"ማግኔቱ ወደ ላይ ሲሆንና ወደ ታች ሲሆን ልዩነቱ ምንድን ነው?" አልኳት፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ።

"ምንም። እኩል ነው መምጣት ያለበት።"

"ታዲያ እኩል ከሆነ ለምን ትለኪዋለሽ?!"

"እኩል መሆኑን ለማሳየት ነዋ። ቀስ ብለሽ ስትነኪያት ሚዛኗን አትለቅም፣ ላይና ታች አንድ ነው። ሕግ ነው፣ የተፈጥሮ። ቁጥሮቹን ግራፍ ወረቀት ላይ አስፍረሽ፣ መሃሉ ላይ አጥፈሽ መብራት ላይ ስትይዢው አንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ልክ ይገጥማል። ካልገጠመ ሚጢጢ ተበላሽታለች ማለት ነው።"

ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት እያጠፈች መብራት ላይ ስትይዝ ኖራለች! ልቤ በሐዘን ተነካ፣ እውነቴን ነው።

እና የላይኛው ሠላሳ አለቀ፤ እታለም ጀርባዋን ሰጥታኝ ማግኔቱን ወደ ዜሮ ስትመልስ እግሬ ደንዝዞ ስለነበር ዘረጋሁት። ዘረጋሁት ብቻ! ጉልበቴ ከጠረጴዛው በታች የሆነ ነገር መታ። ቀጭ አለ።

"ምንድን ነው?" አለች ሳትዞር።

"ወንበሬ ነው።"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ! የመታሁት ማካፈያው ነበር። የማሽኑ ቮልቴጅ ለሚጢጢ ስለሚበዛባት ማካፈያው ለሺ ከፍሎ ነው የሚያደርስላት። መዞሪያው ላይ ሺ፣ መቶ፣ አሥር ይላል። አሁን መቶ ላይ ነው። ልመልሰው ብል ያለሷ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው፣ ልንገራት ብል ደግሞ አምስቱ ሟቾች ትዝ አሉኝና አፌ ተሳሰረ። ምናልባት ምንም ለውጥ የለውም አልኩ ለራሴ። እንዲህ ብለው ስንቱ ጠፋ!

ማግኔቱ ወደ ታች ጀመረ። "ስንት?"

መለኪያውን አየሁት። አርባ ነጥብ ስድስት። ጠዋት ሁሉም አራት ምናምን ነበር!  እና ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ነጥቡን ገፋሁት። "አራት ነጥብ ዜሮ ስድስት" አልኩ። ጻፍኩትም። ከዚያ አንዴ ከጀመርኩ እንዴት ላቁም? "አራት ነጥብ ሦስት አንድ።" "ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሰባት።" ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ተጨማሪ፣ ድምፄ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ። አሁን በአምባር ብቻ አይደለም የታሰርኩት። አንዷ ነጥብ ሌላዋን እየጎተተች በራሴ እጅ ጽሑፍ ተተበተብኩ።

መሃል ላይ እታለም ግንባሯን ቋጥራ "የነካሽው ነገር አለ?" አለችኝ።

"የለም።"

ትንሽ ቆይታ "እርግጠኛ ነሽ ፌንጣዬ?"

"እንዴ! የለም አልኩሽ እኮ!"

ሠላሳው አለቀ። ከውጭ ኳ፣ ኳ። ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶናል። እታለም ሁለት ጊዜ መትታ መለሰችላቸውና ነጥቦቹን ግራፍ ወረቀቱ ላይ አስፍራ፣ መሃሉን አጠፈችው፣ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው።

አልገጠመም።

ገለበጠችው። እንደገና አጠፈችው። የላይኛው ግማሽ ላይ ጉብታ ባለበት የታችኛው ላይ ጉድጓድ ነው።  ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ አለሰለሰችው፣ ልክ እማዬ የተኮሰችውን ልብስ እንደምታደርገው። ከዚያ "ሞታለች" አለች። ቀስ ብላ። "ስድስተኛዋም ሞተች።" መፍቻውን አንስታ ግድግዳው ላይ መታች። ኳ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ! ግን መዳብ ነዋ፣ አይከፈትም!

ኳ።

"አልሞተችም!!" ብዬ ጮህኩ፣ መፍቻውን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ ሽቦዬ እስከ መጨረሻው ተወጠረ። "እኔ ነኝ! ጉልበቴ ነው! ማካፈያው መቶ ላይ ነው ያለው፣ ወንበሬ አልነበረም፣ ነጥቡንም እኔ ነኝ የገፋሁት፣ አርባ ነበር የሚለው፣ አርባ! እታለም ግደይኝ!"

ከውጭ የጋሽ ቅዝቃዜ አንድ ምት መጣ። ሰምተናል ማለት ነው። ለሳቸው እኮ ሁለት ነው የደረሳቸው፤ "ደህና ነን" ብለናቸዋል!

እታለም ከጠረጴዛው በታች ጎንበስ ብላ አየች። ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። እኔ እንባዬንም ንፍጤንም በአንድ እጄ እየጠረግኩ ጥፊዋን እጠብቃለሁ። ቀና ስትል ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

"ነጥቡን ብቻ ነው የገፋሽው? ቁጥሮቹን አልፈጠርሽም?"

"ነጥቡን ብቻ። በእማዬ እምላለሁ።"

"በእህቴ አትማዪብኝ፣ ዛሬ ብዙ ዋሽተሻል።" መዞሪያውን ወደ ሺ መለሰችው፣ በዝግታ፣ ትንፋሿን ይዛ። "አንብቢ። እንዳለ።"

"አራት… አራት ነጥብ አንድ አንድ።"

ማግኔቱን አንድ እርምጃ አንቀሳቀሰች። አነበብኩ። ሌላም ሁለት አነበብኩ። ከጠዋቱ ጋር ገጠመ! ሚጢጢ ሕያው ናት! ልዘል ስል አምባሩ መልሶ አስቀመጠኝ።

እታለም ግን ያልገጠመውን ወረቀት ነበር የምታየው። "በአሥር እጥፍ ገፍተሻታል" አለች። "በአሥር እጥፍ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ። አልተቃጠለችም።"

"ይቅርታ…"

"ዝም በይ እስቲ። ከረንቱም አሥር እጥፍ ብቻ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ነጥቡን ስትገፊ ቅርጹ ያው ይሆን ነበር። አልሆነም። ስንገፋት መልሷን ቀይራለች።" ድምፅዋ ተለወጠ፣ ቤት ውስጥ በጨለማ አልጋችን ላይ ሆነን ስታወራኝ እንደምታወራው ሆነ። "አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ቢኖር በፈለጉበት በኩል ያልፋሉ፣ አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ ነው። ከሞላ ግን ሰዎቹ ራሳቸው ግድግዳ ይሆናሉ፣ አይደል? ማግኔቱ ወደ ላይ ሲሆን ወደ አንዱ ጎን ያጨናንቃቸዋል፣ ወደ ታች ሲሆን ወደ ሌላኛው። የሚጢጢ ሁለቱ ጎኖች ደግሞ አንድ አይደሉም። ቀስ ብለሽ ስትጠይቂያት ይሄን አትነግርሽም። ጠንከር ብለሽ ስትገፊያት ግን…"

"እንደኔ!" አልኩ፣ አፌ አምልጦኝ።

አየችኝ። ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣና ሄደ። "አዎ። ሁለቴ በቀስታ ጠየቅኩሽ፣ ሁለቴም ያው መልስ።"

ግን ገና ምንም አላወቅንም ነበር። ምናልባት ጠንከር ያለው ግፊት ላይኛውንም ታችኛውንም እኩል ቀይሮት ይሆናል፤ ለማወቅ ላይኛውን ሠላሳ በመቶው ማካፈያ መለካት አለብን። ማግኔቱን ለመመለስ ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የቀረን ሂሊየም ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው፦ ወይ ፕሮፌሰሩ ያዘዘውን የቀስታውን ታችኛ ሠላሳ መጨረስ፣ እሱ ወንበሯን ያተርፍላታል፤ ወይ ደግሞ ይሄኛው፣ ምንም ላይሰጠን ይችላል፣ ሚጢጢንም ሊያቃጥላት ይችላል።

እታለም እጇ መዞሪያው ላይ ሆኖ ቀረ። አምስተኛዋን ያቃጠለችበት እጅ ነው። 

"እኔ ልምታው በጉልበቴ?" አልኳት።

ፈነዳች! በሳቅ! እየሳቀች ራሷ አዞረችው። ቀጭ። መቶ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል በሕይወቴ ረጅሙ ነው። አምስት ደቂቃውን ወደ ሦስት አወረድነው። "አርባ ነጥብ ስድስት" እላለሁ፣ ነጥቧን እንዳለች፣ ሁሉንም ፊደል እየጫንኩ። "አርባ አንድ ነጥብ ዘጠኝ!" ሽንቴ ደግሞ እዚህ ላይ መጣ። መጣ ብቻ አይደለም፣ ወጠረኝ! እግሬን አቆላለፍኩ፣ ጥርሴን ነከስኩ፣ ብሎን ቆጠርኩ። በሩ ሁለት ሜትር ላይ ነው ያለው፣ ከበሩ ኋላ ኮሪደር አለ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሽንት ቤት አለ፣ እኔ ግን ሌላ አገር ያለሁ ያህል ነኝ። ተነስቼ አምባሩን ልበጥሰው ያልኩበት ጊዜ ነበር፣ አልዋሽም። ሃያ ሦስተኛው ነጥብ ላይ። የእታለምን ጀርባ አየሁና ተውኩት።

ከውጭ ኳ። አንድ ሰዓት።

ሠላሳው አለቀ። እታለም መዞሪያውን ወደ ሺ መለሰች፣ አምስት ነጥብ ብቻ በቀስታ ደገምን፤ ከጠዋቱ ጋር ልክ ገጠመ። "አየሽ፣ አልተበላሸችም፣ ያችው ሚጢጢ ናት" አለች። ከዚያ አዲስ ግራፍ ወረቀት አውጥታ በመቶው የለካነውን ላዩንም ታቹንም አሰፈረች፣ አጠፈችው፣ ይዛው ቀረች።

"አንቺ ያዢው ወደ መብራቱ" አለችኝ። "እኔ አልችልም።"

ወደ መብራቱ ያዝኩት።

አልገጠመም! ሰማችሁኝ? አል-ገ-ጠ-መም! ግማሹ ወዲህ ሲወጣ ግማሹ ወዲያ ይወርዳል። እታለም አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይግጠምልኝ ብላ ስትጸልይበት የኖረችው ወረቀት ባለመግጠሙ ስታለቅስ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

"በቃ እንውጣ! ለፕሮፌሰሩ እንንገረው! እታለም ሽንቴ!"

"መጀመሪያ ደብተሩን።" ፊቷን ጠረገችና ደብተሩን ገልጣ እፊቴ አስቀመጠችው። ያ የውሸት ሠላሳ ያለበት ገጽ ነው። "አስምሪበት። ጻፊበት።"

"እሱ እኮ ያየዋል…"

"ያየዋላ። የውጤቱ ግማሽ እዚህ ገጽ ላይ ነው። አንቺ ካልጻፍሽው ቁጥር አይደለም፣ ወሬ ነው።"

ላጲስ ቢኖረኝ ኖሮ እላችኋለሁ አንዱንም አላስቀረውም ነበር። በእያንዳንዷ ቁጥር ላይ አንዳንድ መስመር አሰመርኩ፣ ሠላሳ መስመር፣ ከጎኗ ትክክለኛዋን ጻፍኩ። ከታች ደግሞ፦ "ጉልበቴ ማካፈያውን መትቶ ከሺ ወደ መቶ አዞረው። ፈርቼ ነጥቡን አንድ ቤት ገፋሁት። ስጠየቅ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ።" ፈረምኩ። የመጀመሪያ ፊርማዬ ነው፣ ለመታወቂያ እየተለማመድኩት የነበረው፣ ባለ አበባው። እታለም ሥሩ የራሷን ፈረመችና "ያሳፍራል?" አለች።

"በጣም።"

"ጥሩ። አሁን ቁልፎቹን እንዝጋ።"

ቁልፎቹ አሥራ ሁለት ናቸው፣ አንድ በአንድ ነው የሚዘጉት፣ በመካከላቸው ግማሽ ደቂቃ እየተጠበቀ፤ አለበለዚያ ሚጢጢ ትደነግጣለች። በመዳቡ ማዶ ጋሽ ቅዝቃዜ የሆነ ነገር እያፏጩ ሲጠብቁ ይሰማል። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ እጄ ግድግዳው ላይ እንደታሰረ፣ ትንፋሼን ይዤ።

"ሦስት" አለች እታለም፣ እንደ እንቁላል ቀስ ብላ።

"እታለም በፈጠረሽ!"

"አትግፊኝ" አለችኝ። "አራት።"